የተረፈው ኩምኩም

ቲሩቺ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2002

የተከበሩ መምህሬ አምባላቫናን፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን፤ የእማማ ቪሳላክሺንም ጤና። የኮዳይካናል ብርድ ጉልበትዎ ላይ እንዳይበረታ እያሰብኩ ነው። እኛ እዚህ ዝናቡ ዛሬ መጣ ነገ መጣ እየተባለ በሙቀት እየተቀቀልን ነው።

«በገዛ እጅሽ አደረግሽው ወይስ ለሌላ ሰው ሰጠሽው?» ብለው ለጠየቁኝ፣ በገዛ እጄ ነው። እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመጀመሪያው የመሣሪያ በዓል ነውና «በእኔ ቦታ አንቺ ቁሚ» ያሉኝን ቃል ማጠፍ አልቻልኩም። የምርምር ማዕከላችን ሾፌሮች መኪናቸውን፣ የሂሳብ ክፍሎቹ መደመሪያና ማተሚያቸውን ሲያጥቡ እኔ የድምፁን ክፍል ዘግቼ ማሽናችንን ፈታሁት። ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚጮኸው የታይታኒየም ዘንግ ጫፍ እንደ ተበላ ጥርስ ሆኖ ነበር። እርስዎ በየዓመቱ በዚህ ቀን እንደሚያደርጉት፣ ከሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ እስከ ለስላሳው ድረስ ፊቴን እስካይበት ወለወልኩት። ከዚያ የሰንደል እንጨት ልቁጥ ቀባሁት፤ በሰንደሉ ላይ ቀዩን ዱቄት፣ ኩምኩሙን፣ በቀለበት ጣቴ አሳረፍኩ። የጃስሚን አበባ አሰርኩለት። የፈካ ሩዝና ሽምብራ ለሁሉም አደልን።

መካኒካችን ሙኒያንዲ አፉ መቼም አያርፍም። ከሂሳብ ክፍል ለመጡት ሴቶች ማሽኑን እንዲህ ሲል አስረዳልኝ፦ «ይሄ ሰውዬ ይጮኻል፣ ጩኸቱን ግን ውሻ እንጂ ሰው አይሰማውም። ሲጮኽ ውኃው ውስጥ አረፋ ይፈነዳል፤ አረፋው ሲፈነዳ ፕላቲነሙ ከጨውነት ወጥቶ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ከሰል ላይ ይቀመጣል፣ ከሰሉ የኤሌክትሪክ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል፣ ሕዋሱ ሃይድሮጅን በልቶ ያለ ጭስ መብራት ያወጣል። መጨረሻ ላይ ዶክተር ኬሳቫን በስሙ ጽሑፍ ያወጣል!» የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ኬሳቫን እዚያው ቆሞ ነበር፤ እንደ ምንም ሳቀ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኩምኩሙን ሳህን ሳነሳ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሂሳብ ክፍል አንዷ «ሌላ ሰው የለም እንዴ?» አለች። ሙኒያንዲ ጫማውን ያይ ነበር። ባሌ ሴንቲል በሞተር አደጋ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እንደ እኔ ያለች ሴት በበጎ ቀን ከኋላ እንድትቆም፣ ባለትዳሮቹ ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉትን ኩምኩም እንድትተው ልማዱን እርስዎም እኔም እናውቃለን። እርስዎ ግን «ቁሚ» ብለውኛል፣ ቆምኩ። ጣቴ ላይ የተረፈውን ኩምኩም እንደ ልማዴ በማሽኑ ጨርቅ ጠረግሁት። ግንባሬ ባዶነቱን ለምዷል፤ ስለሱ አይጨነቁ።

የእርስዎው
ቴንሞዢ


ኮዳይካናል፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2002

ቴንሞዢ ልጄ፣

ደብዳቤሽን አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለቪሳላክሺ አነበብኩት። ጮክ ብዬ ሳነብ ምን ያህል እንደምጮኽ አላውቅም፤ ቪሳላክሺ እንደምትለው ከሆነ ጎረቤቱ ሁሉ በዓላችሁን አብሮ አክብሯል።

ባለፈው ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለምን አይገዙም ላልሽው፣ ለደንቆሮ ስልክ መግዛት ለራሰ በራ ማበጠሪያ መግዛት ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሳስጮህ ኖሬ ይኸው ሰው የሚሰማውን መስማት አቃተኝ። ደብዳቤ ግን ጆሮ አይፈልግም። የመጀመሪያዋ ማሽናችን የዘንግ ጫፍ፣ ያቺ ጡረታ ስወጣ የሰጣችሁኝ አሮጌዋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነች። ደብዳቤዎችሽን የተራራው ነፋስ እንዳይወስዳቸው እሷን እጭንባቸዋለሁ።

አሁን ወሬ ልንገርሽ። በፌብሩዋሪ ቼናይ ላይ የክብር ካባ ሊያለብሱኝ ነው! «ብናኙን ለመሥራት ድምፅ ብቻ ይበቃል፣ ምንም አትጨምሩ» እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስለፈልፍ የሳቁብኝ ሰዎች ናቸው የሚያለብሱኝ። አየሽ፣ ሳይደግስ አይጣላም። እኔን ያለበሰኝ ደግሞ ያንቺ ሕዋስ ነው። ዘንድሮ የሠራሽው ብናኝ ወራት ሙሉ ሳይደክም መብራት ባይሰጥ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር?

«ሌላ ሰው የለም እንዴ» ያለችውን ሴትዮ ተያት። ይልቅ ከበዓሉ በኋላ የሠራሽው እንዴት ነው? እሱን ጻፊልኝ።

አምባላቫናን


ቲሩቺ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2002

የተከበሩ መምህሬ፣

ለመዘግየቴ ምክንያት አላጣሁም፤ ግን እርስዎ ፊት ምክንያት መደርደር ስለማያዋጣ ይቅርታ ብቻ ልበል። ዝናቡ መጥቷል፤ የግቢው በር ድረስ በውኃ እየተሻገርን ነው የምንገባው።

ስለ አዲሱ ብናኝ ሳልነግርዎ የቆየሁት እያወቅሁ ነው። ጥሩ አይደለም። ከበዓሉ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ሲያዩት ያው ጥቁር ዱቄት ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሕዋሱ ውስጥ እሳት ነው። ሳምንት ሳይሞላው ግን ይዝላል፣ መብራቱ ይፈዛል፣ በቃ። ከበዓሉ በፊት የሠራሁት እኮ እስከ አሁን እየሠራ ነው!

ውኃውን ቀየርኩ። የፕላቲነሙን ጨው ካልተከፈተ ጠርሙስ ወሰድኩ። አልኮሉን እንደ ገና አጣራሁ፤ ከሰሉን አደረቅሁ፤ ጋዙን ሌላ ሲሊንደር ላይ ሞከርኩ። የማሽኑንም ጉልበት ለካሁ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በርትቶ ይጮኻል። ምናልባት እርጥበቱ ይሆን? እርስዎ በየዓመቱ ኖቬምበርን ሲረግሙ አስታውሳለሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሁሉም ሰላም ይሉዎታል።

ቴንሞዢ


ኮዳይካናል፣ ኖቬምበር 26 ቀን 2002

ቴንሞዢ፣

ገጽ ሙሉ ስለ ውኃ! ስለ ራስሽ አንድ መስመር የለም። «ሁሉም ሰላም ይሉዎታል» ትያለሽ፤ ሁሉም ማነው? ሙኒያንዲ በሰላምታው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ስድብ ይልክልኝ ነበር፤ ስድቤ የት ሄደ?

ቪሳላክሺ ደብዳቤሽን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችና «ይቺ ልጅ ብዕሩን ተጭናዋለች፣ የሆነ ነገር አለ» አለች። ጆሮ የለኝም እንጂ ሚስት አለኝ። ማን ምን አለሽ? ሳትደብቂ ጻፊ።

አምባላቫናን


ቲሩቺ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2002

የተከበሩ መምህሬ፣

የሆዴን በሆዴ ይዤ ልዘልቅ ነበር፤ እማማ ቪሳላክሺ ግን ከወረቀት ጀርባም ያነባሉ ለካ። እሺ፣ ልንገርዎ።

ብናኙ መበላሸት እንደ ጀመረ አንድ ጠዋት የድምፁ ክፍል በር ላይ ሎሚና ቃሪያ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ሙኒያንዲን ጠየቅሁት።

«ለማሽኑ ነው ማዳም፤ ዓይን በልቶታል» አለኝ።

«የማን ዓይን?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለና መፍቻውን ይዞ ወጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ያን ዕለት ዘመድ ሆነችብኝ። በኮሪደሩ ለሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ እንዲህ ይላታል፦ «ማዳምን እወዳታለሁ፣ ደግ ሰው ናት። ግን እስቲ አንቺው ፍረጂ። ማሽኑ ዓመት ሙሉ እንደ ላም ሲታለብ ኖሮ ባል የሞተባት ሴት ኩምኩም በቀባችው ማግስት ነጠፈ። ይሄ ሳይንስ አይደለም እንዴ? በፊት ይኸው፣ በኋላ ይኸው!»

አሁን ሳልፍ ሰዎች ቀስ ብለው ይበተናሉ። አዲስ ሚዛን ሲመጣ «እርስዎ አይድከሙ፣ እኛ እንከፍተዋለን» ይሉኛል። ዶክተር ኬሳቫን ቢሮው ጠርቶ በር ዘጋ። «ቴንሞዢ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ሰው ግን ያምናል፤ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ሰው ነው። በጃንዋሪ፣ ከፖንጋል በዓል በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ያዢልኝ። ጸጥ ያለ ነው፣ ታርፊያለሽ።» አልደከመኝም አልኩት። «አስቢበት» አለኝ።

የሚያሳፍረኝን ልጨርስልዎ። እኔ የኬሚስትሪ ዶክተር ነኝ፣ ያውም የእርስዎ ተማሪ። ግን ማታ ማታ እጄን ሳየው ራሴን እይዘዋለሁ። ሴንቲል ያን ቀን ሞተሩን ሲያስነሳ «በደህና ግባ» ብዬ ትከሻውን የነካሁት በዚሁ እጅ ነው። ሰዎቹ ልክ ቢሆኑስ?

ቴንሞዢ


ኮዳይካናል፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2002

ቴንሞዢ ልጄ፣

ኧረ በሕግ አምላክ! ሴንቲልን የገደለው ያለ መብራት የሚነዳ የጭነት መኪና ነው። ይህን ፖሊስም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። እጅሽ ምን አደረገ? ተሰናበተው። ከዚያ የተሻለ ሥራ የሠራ እጅ አላውቅም።

ሦስት ቀን ተቆጥቼ ከረምኩ፤ ቪሳላክሺ ሾርባ አቅርባ ሸሸች። ቁጣዬ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ያ ለፍላፊ ሙኒያንዲ ሳያውቀው ልክ ብሏል፦ በፊትና በኋላ! በዚያ ቀን አንድ ነገር ተቀይሯል። ኩምኩሙ አይደለም፤ እሱ ብልቃጡ ውስጥ አልገባም። እንግዲያው ሌላ ነው። ሞኝ ነው ብለሽ ቁጠሪኝና ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያደረግሽውን ሁሉ በየተራው ጻፊልኝ። ምንም አትዝለይ።

ቤተ መጻሕፍት እንዳትሄጂ! ከድምፁ ክፍል በዚህ ምክንያት ከወጣሽ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን «ልክ ነበርን» ሲሉ ይኖራሉ፤ አንቺም ዕድሜ ልክሽን እጅሽን ስታዪ ትኖሪያለሽ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ እንዲሆን አልፈቅድም።

አምባላቫናን


ቲሩቺ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2003

የተከበሩ መምህሬ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የደስታ ይሁንልዎ። የካባው ቀን መቃረቡን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። «ድምፅ ብቻ ይበቃል» የሚለውን የእጅ ጽሑፍዎን አሁንም ከበሩ በላይ ሰቅለነዋል፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ ቀና ብለው ያነቡታል።

እንዳዘዙኝ ያን ቀን ያደረግሁት ይህ ነው። ጠዋት ገላዬን ታጠብኩ። ክፍሉን ጠረግሁ። ማሽኑን ፈታሁ፣ በአልኮል አጠብኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ ሰንደል፣ ኩምኩም፣ አበባ። ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

አዩት? ምንም የሚገኝ ነገር የለም። ቤተ መጻሕፍቱን እሺ ብያለሁ። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከውጭ የማንጎ ዛፍ ይታያል። አልተከፋሁም። እባክዎ ከዚህ በላይ አንመርምረው፤ እርስዎም ለቼናይ ጉልበትዎን ያቆዩ።

አክባሪዎ
ቴንሞዢ


ኮዳይካናል፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2003

አንቺ ውሸታም!

መዋሸት የማትችል ውሸታም። በኦክቶበር «ፊቴን እስካይበት ወለወልኩት» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አሁን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ! የብርጭቆ ወረቀቱ የት ገባ? ሌላውን ሁሉ፣ ገላ መታጠብሽን ሳይቀር ነግረሽኝ እሱን ብቻ ዘለልሽ። የረሳሽው ቢሆን «አንመርምረው» አትይኝም ነበር። አውቀሻል፤ አውቀሽ ነው የደበቅሽኝ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ያቺን አሮጌ ጫፍ ከደብዳቤዎችሽ ላይ አንስቼ መስኮት ጋ ወሰድኳት። ስንት ወር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። ፊቷ ፈንጣጣ እንደ ያዘው ሰው ተቦድሷል። አረፋው እየፈነዳ በልቷታል። እሺ፣ የተበላው ታይታኒየም የት ሄደ? ሌላ የት ይሄዳል ልጄ፤ ብልቃጡ ውስጥ ነዋ! ከፕላቲነሙ ጋር ከሰሉ ላይ ተቀምጦ፣ ፕላቲነሙ እንዳይሸሽና እንዳይዝል ደግፎ ይዞታል። አንቺ ስትወለውዪው ጫፉ መበላቱን አቆመ፤ ብናኙ ደጋፊ አጣ።

እንድትወለውዪ ያስተማረሽ ማነው? እኔ። «መሣሪያ በበዓሉ ቀን እንደ መስታወት መሆን አለበት» እያልኩ ሠላሳ ዓመት የወለወልኩት እኔ ነኝ። ከበዓሉ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁልጊዜ ክፉ ነበሩ፤ እኔ ግን የኖቬምበርን ዝናብ ስረግም ኖርኩ። ምስኪን ዝናብ! በ2001 በበዓሉ ቀን ለጆሮዬ ሆስፒታል ተኝቼ ስለነበር ጫፉን የነካው የለም። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ መብራት ከየት እንደመጣ አሁን ገባሽ? አንቺማ ከኔ ቀድሞ እንደ ገባሽ አውቃለሁ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ የእኔ ልማድ፣ ወሬው በአንቺ እጅ ላይ። አንቺም ለእኔ ካባ ብለሽ እጅሽን ልትሰጪ! ማን ለመነሽ? «ድምፅ ብቻ ይበቃል» የሚለው ቃል ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ ሆነ እንግዲህ። ድምፁ ሲሠራ ኖሯል፣ ግን ብቻውን አልነበረም። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዬን አልሠራሁም።

ለቼናዮቹ ጽፌያለሁ። ለኬሳቫንም ጽፌያለሁ፣ ያውም ሁሉም ሰው ፊት እንዲያነበው። አሁን ለመቆጣት አትድከሚ፤ ደብዳቤዎቹ ወጥተዋል። ካባው ቀርቷል። ቪሳላክሺ አልቅሳለች፤ ለካባው እንዳይመስልሽ፣ ለአንቺ ነው።

በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ አንድ ጥቅል ይደርስሻል። አሮጌዋ ጫፍ ነች። ሳትወለውዪ፣ ሳታስውቢ፣ እንዳለች ግጠሚያትና ሁሉም ባለበት አስጩኺያት። በዚያው በእጅሽ።

አምባላቫናን


ቲሩቺ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2003

የተከበሩ መምህሬ፣

መጀመሪያ ተናደድኩብዎ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ጥቅሉን ፈታሁ።

አዎ፣ ከዲሴምበር ጀምሮ አውቄ ነበር። ሞኝ ነው ብለሽ ቁጠሪኝ ያሉኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያን ቀን በሐሳቤ በየተራው ሄድኩበት፤ ወረቀቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። የድሮውንና የአዲሱን ብናኝ ወስጄ በኤክስሬይ አስመረመርኩ። በድሮው ውስጥ ታይታኒየም አለ፣ በአዲሱ የለም ማለት ይቻላል። ውጤቱን ይዤ ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍዎን ቀና ብዬ አየሁት። የሳቁብዎት ሰዎች በመጨረሻ ካባ ይዘው ሲመጡ እኔ ልነጥቅዎት? ወሬው እኔ ላይ ቢቀር ይሻላል አልኩ። የኔ ስም እንደሆነ ከሦስት ዓመት በፊት ወጥቷል። ውሸቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ ቢሆኑም ያንኑ ያደርጉ እንደነበር ስለማውቅ ብዙ አልለምንዎትም።

ዶክተር ኬሳቫን ደብዳቤዎን ሁሉም ሰው ፊት አነበበ። «ብናኙን ያበላሸው የእኔ አለማየት እንጂ የማንም እጅ አይደለም» የሚለው ጋ ሲደርስ ውኃ ጠጥቶ ቀጠለ። አሮጌዋን ጫፍ ገጠምኳት። ምን ልበልዎ፣ ለውሻ ብቻ ሳይሆን ለሰውም እየተሰማች እንደ አሮጊት እያንቋረረች ነው የጮኸችው፤ ጆሯችንን ይዘን ቆምን። በጎን በተወለወለው ጫፍ ሌላ ብልቃጥ ሠራሁ። ከዚያ ጠበቅን። የተወለወለው እንደ ፈራነው በሳምንቱ ዛለ። የአሮጌዋ ይኸው ይህን ስጽፍልዎ መብራቱ ፊት ለፊቴ ነው።

ሙኒያንዲ በየቀኑ እየመጣ ሁለቱን መብራቶች ሲያይ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት አጠገቤ ቆመ።

«ማዳም፣ እንግዲህ ጥፋተኛው የብርጭቆ ወረቀቱ ነው ማለት ነው?»

«ነው።»

«ወረቀቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ራሱን አከከ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ ነበር እናቴ። እኔ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ደረሱ» አለና መላጣውን ዳሰሰ። ይቅርታ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ሎሚና ቃሪያውን ከበሩ አውርዶ የብርጭቆ ወረቀቱ መሳቢያ ላይ ሰቀለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ መሰለዎ! ለእርስዎም «ያ ደንቆሮ ሽማግሌ ማሽኔን ሲያበላሽብኝ ኖሯል» ብለሽ ጻፊልኝ ብሏል። ስድብዎ ተመልሷል።

ቤተ መጻሕፍቱ ቀርቷል። ዶክተር ኬሳቫን «እዚያው ቆዪ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ግን ሁሉንም ሰምታ «እንዲያም ቢሆን…» አለች። ይህችን «እንዲያም ቢሆን» የሚያጠራ ማሽን የለንም መምህሬ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ውስጥ ትንሽ ቀርታለች። አእምሮዬ ነፃ ነሽ ብሎኛል፤ እጄ ገና አልሰማም።

ቴንሞዢ


ኮዳይካናል፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2003

ቴንሞዢ ልጄ፣

ጽሑፉ ታትሞ ደረሰኝ። ስሜን ከኋላ አድርጊው ያልኩሽን በመስማትሽ ደስ ብሎኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ታዘዝሽ። «የሚበላ ዘንግና የሚጸና ብናኝ» የሚለው ርዕስ ግን የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል።

ስለ ካባው ዛሬም ታነሻለሽ። ተይው! ቪሳላክሺ የሱፍ ሹራብ ሠራችልኝ፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ግን ይሞቃል። ለኮዳይ ብርድ ካባ ምን ይሠራል? ከቼናይ አንድ ወጣት መጥቶ ነበር፤ ቀን ሙሉ ጥያቄውን በወረቀት እየጻፈ ስለ አሮጌዋ ጫፍ ጠየቀኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ዘንድሮ ማን ይቁም?» ብሎ ኬሳቫን መጠየቁን፣ አንቺም «ሙኒያንዲ ይቁም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ለምን እንዳልሽ አልጠይቅሽም። እኔ ግን ቦታዬን ለሙኒያንዲ አልሰጠሁም። ለአንቺ ነው የሰጠሁት፤ የሰጠሁትን ደግሞ መልሼ አልወስድም። ጫፉን አትወልውዪ። ሌላውን ሁሉ እንደ ልማዱ።

አምባላቫናን

ቴንሞዢ፣ ይህ የቪሳላክሺ ጽሕፈት ነው። ሽማግሌው ጨርሷል፣ ወረቀቱ ላይ የተረፈችው ቦታ የእኔ ናት። ከደብዳቤው ጋር ያለችው ትንሽ ጥቅልል ኩምኩም ነች። ከገዛ ሣጥኔ ነው፤ በሠርጌ ቀን አማቴ ከሰጠችኝ። ለማንም አካፍዬ አላውቅም። እሱ «ለማሽኑ ነው» ይላል፤ ይበል። ማሽን ስንት ይፈጃል? ጣትሽ ላይ ይተርፋል። አምና የተረፈውን በጨርቅ ጠረግሁት ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያ ጨርቅ ከዓይኔ አልጠፋም። ዘንድሮ በጨርቅ አትጥረጊው የኔ ልጅ። የት እንደምታደርጊው አልነግርሽም። ምርጫው ያንቺ ነው።


ቲሩቺ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2003

የተከበሩ መምህሬ፣ ውድ እማማ ቪሳላክሺ፣

ለሁለታችሁም አንድ ደብዳቤ ነው፤ አጭር ስለሆነ አትቀየሙኝ።

በዓሉ ቅዳሜ ዋለ። ማሽኑን አጠብኩ፤ ጫፉን እንደ ተበላ ተውኩት። ሙኒያንዲ የብርጭቆ ወረቀቱን መሳቢያ በሰንሰለት ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮ መጣ። ሳህኑን ሲያቀብለኝ አምና የሆነው ጸጥታ ዘንድሮም መጣ፤ እኔም ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። ሙኒያንዲ ዞር ብሎ «ምነው ቀብር የመጣችሁ መሰላችሁ? ደወሉን ምቱት እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። ደወሉ ተመታ። ሰንደሉን ቀባሁ፤ በሰንደሉ ላይ የእማማን ኩምኩም አሳረፍኩ።

የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ከሁሉም በኋላ መጣች። ግንባሬን ለረጅም ጊዜ አየችው። የምትለውን ስጠብቅ እጇን ዘርግታ የፈካ ሩዟን ከእጄ ተቀበለች፤ ቆማም በላች።

እማማ፣ ስለ ጨርቁ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ጨርቁ ንጹሕ ነው።

ልጃችሁ
ቴንሞዢ